የምንያህል ጠባቂ ፕሮቲንና የኢቲዳል ከርከዴ

ምንያህል ከጎጃም አሶሳ ተመድቦ ሲመጣ አንድ ፍራሽና አንድ አባዜ ይዞ ነበር። አባዜው ፕሮቲን ነው። ሴል እንዲያድግ የሚገፋፋ አንድ ኢንዛይም አለ፤ እሱን ደግሞ «ቆይ፣ ምልክት ሳይመጣ ንቅንቅ እንዳትል!» ብሎ የሚይዝ ጠባቂ ፕሮቲን አለ። ጠባቂው ኢንዛይሙን ምን ያህል እንደሚገታ መለካት የምንያህል የሁለተኛ ዲግሪ ማሟያ ነው። ይህን ያላስረዳው ሰው የለም። የባጃጅ ሾፌሮች ሳይቀሩ ሲያዩት መንገድ ይቀይራሉ።

ጭንቁ ግን የእውነት ነበር። የማስረከቢያው ቀን ተቃርቦ ከአዲስ አበባ ያስመጣው ኢንዛይም ሁለት ብልቃጥ ብቻ ቀርቷል፤ ከሞቀ ደግሞ አለቀለት። የቤተ ሙከራው ፍሪጅ ታዲያ በዚያው ሰሞን ተንገጫግጮ ዝም አለ።

ብልቃጦቹን ታቅፎ ጎረቤቱ ኢቲዳል ዘንድ ሮጠ። ኢቲዳል ቀዝቃዛ መጠጥ ሻጭ ናት።

«እትዬ ኢቲዳል፣ በረዶ! ይቺን አንዷን ብልቃጥ ደግሞ ማቀዝቀዣዎ ውስጥ ያስቀምጡልኝ። እኔ እስክመጣ ማንም እንዳይከፍተው!»

«ኡስታዝ፣ ረመዳን ነው። ውሃ በረዶ የለም፤ ከርከዴ ብቻ አለ» አለችው፤ የተማረ ሁሉ ለእሷ «ኡስታዝ» ነው። ፊቱን አይታ አዘነችና ከቀይ አበባ ከሚፈላው ከከርከዴ የረጋውን ቀይ በረዶ በፌስታል ሰጠችው። «ማታ አንተ ይመጣል፣ ከእኛ ጋር ያፈጥራል፣ እሺ?»

ሌላኛዋን ብልቃጥ በቀዩ በረዶ ውስጥ ይዞ ወደ ቤተ ሙከራው ተመለሰ። ኢንዛይሙ በሠራ ቁጥር ፈሳሹ ይቀላል፤ መሣሪያው የቅላቱን መጠን ያነባል። ኢንዛይሙ ብቻውን ሲለካ ፈሳሹ ሮዝ ሆነ። ጠባቂው ሲጨመርበት ደም መሰለ! ምንያህል ዘለለ። ጠባቂው አይገታም፣ ያባብሳል ማለት ነው! የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ ዶክተር ሙላቱ ቢሮ ገብቶ «መጻሕፍቱ በሙሉ ተሳስተዋል!» ብሎ አወጀ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል የሚለውን የአገሩን ተረት ረስቶታል።

ማታ ኢቲዳል ግቢ ውስጥ ተቀመጠ። ባሏ ኻሚስ ወደ ቴምሩ እጁን ሲሰድ ኢቲዳል ያዝ አደረገችው። «ገና!» ምንያህል የተቀዳለትን ከርከዴ አየ። ከዚያ የነጭ ጋውኑን እጅጌ አየ። አንድ ቀለም ነው። ፌስታሉ ለካ ቀዳዳ ኖሯል፤ ፈሳሹን ደም ያስመሰለው የተንጠባጠበው ከርከዴ ነው!

አዛን ተሰማ። ኢቲዳል የኻሚስን እጅ ለቀቀች፤ ቴምሩ ከመቅጽበት ጠፋ። መጠጡን የቀመሱት ግን ሁሉ ፊታቸውን አጨማደዱ። ለብ ያለ ነው።

«ማቀዝቀዣው ተበላሸ እንዴ?» አለ ምንያህል።

«አልተበላሸም። ማንም አይከፍትም አላልክም? ቆልፌዋለሁ» አለች ኢቲዳል፣ ከሻሿ ጫፍ የቋጠረችውን ቁልፍ እያሳየች። «ኻሚስ ሦስት ጊዜ ለመነ፤ ወላሂ አልሰጠሁም።»

ያን ሁሉ ሙቀት ጾመው የዋሉ ሰዎች፣ ለእሱ ብልቃጥ ሲሉ ለብ ያለ ከርከዴ ይዘው ዐይን ዐይኑን ያያሉ። ምንያህል እንባው መጣ።

«ኧረ ይክፈቱት!» አለ። የኻሚስ እጅ ከቁልፉ ቀድሞ ደረሰ።

በማግስቱ የቀረችውን ብልቃጥ በውሃ በረዶ ይዞ ለካ። ጠባቂው ኢንዛይሙን ቀጥ አድርጎ ያዘው።

«ትናንት ተሳስተዋል ያልካቸው መጻሕፍትስ?» አሉት ዶክተር ሙላቱ።

«ከርከዴ ፈሶብኝ ነው» አለ።