የጋሼ አዳነ ጣሳዎች

ይህን ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ለንስሐ አባቴ እንኳ ሐሜቱን፣ ቁጣውን፣ በጾም የቀመስኩትን ወጥ ሳይቀር ዘርዝሬ እዚህ ላይ ስደርስ «ሌላ የለም አባ» ብዬ እነሳለሁ። ሌላ ነበረ። ሦስት ዓመት ሙሉ ነበረ። እናንተ አታውቁኝምና ስሙኝ።

አጎቴ ጋሼ አዳነ ዕድሜያቸውን በድሬዳዋ ባቡር ጥገና ላይ የጨረሱ ሰው ናቸው። ጡረታ ሲወጡ ወደ ትውልድ አገራቸው ላሊበላ ተመልሰው እኔ ቤት ገቡ። በላስታ ባቡር በዓይኑ ያየ ሰው በጣት ይቆጠራል፤ አገሩ ለአህያ እንኳ መንገድ የሚሰስት ነው። እሳቸው ግን ያለ ባቡር መኖር ስላልቻሉ በገዛ እጃቸው ትንሽ ባቡር ሊሠሩ ተነሡ። ሐዲዱ ከተሰበረ ጃንጥላ ዘንግ፣ ጎማው ከለስላሳ ቆርኪ፣ ፉርጎው ከሰርዲን ቆርቆሮ፣ ሞተሩ ደግሞ ከተበላሸ ቴፕ ሆድ ዕቃ የወጣ። ከሐዲዱ ሥር የሚነጠፈውን እንጨት ከወይራ ፍልጥ አንድ በአንድ ይቀርጹታል። እኔ «የሽማግሌ ዕቃ ዕቃ» እያልኩ እስቃለሁ፤ እሳቸውም አብረውኝ ይስቃሉ።

ይህ ሁሉ ኮተት የሚቀመጠው በባዶ የዱቄት ወተትና የቲማቲም ጣሳ ነው። ሠላሳ ጣሳ፣ በአንድ ረጅም መደርደሪያ ላይ፣ እንደ ወሩ ቀናት ተሰልፎ። የመጀመሪያው ልደታ ነው፣ አምስተኛው አቦ፣ አሥራ ሁለተኛው ሚካኤል። ዓይናቸውን ሞራ ስለጋረደው በጣታቸው እየዳሰሱ ቆጥረው ነው የሚያነሱት። ለእያንዳንዱም ምክንያት አላቸው። «ጊዮርጊስ ጦረኛ ነው፣ ሹሉ ሚስማር እሱ ዘንድ ይደር። አቦ ከግብፅ ድረስ የመጡ መንገደኛ ናቸው፣ ጎማው ለሳቸው ይገባል» ይሉኛል።

የገና ሰሞን ነበር። እንግዳው ከየአቅጣጫው ወደ ላሊበላ ሲጎርፍ እኛም ቤት ከብልባላ ዘመዶች ሊያድሩ ነውና ቤቱን ከላይ እስከ ታች አጸዳሁ። ጋሼ ቤተ ክርስቲያን ሄደዋል። ወደ መደርደሪያው ደረስኩ። እኔ በሱቄ መስቀልና ቅርጻ ቅርጽ ስሸጥ ትልቁን ከኋላ፣ ትንሹን ከፊት መደርደር ልማዴ ነው፤ እጄ ሌላ አያውቅም። ጣሳዎቹን አወረድኩ፣ ወለወልኩ፣ ትልቁን ከትልቅ፣ ትንሹን ከትንሽ ገጠምኩ። አዛወርኳቸው። እኔ። ደግሞ እንዴት እንዳማረ! ምርቃት ስጠብቅ ነበር እኮ።

ጋሼ ተመልሰው ቁጭ አሉ። እጃቸውን ወደ አቦ ሰደዱ፣ ሚስማር ወጋቸው። ወደ ሚካኤል ሰደዱ፣ ቆርኪ ወጣ። ከልደታ ጀምረው እንደገና ቆጠሩ። እኔ እየሳቅሁ ከጓዳ ልወጣ ስል ድምፃቸውን ሰማሁ፦

«አይ አዳነ! አንተም እንደ አባትህ ሆንክ በቃ!»

አባታቸው በስተርጅና የገዛ ልጆቻቸውን ስም ዘንግተው ነው የሞቱት። ጋሼ በዚህ ዓለም የሚፈሩት ይህንኑ ብቻ ነበር።

አንድ ቃል ይበቃ ነበር። «ጋሼ፣ ያዛወርኳቸው እኔ ነኝ» ማለት ምን ያህል ይከብዳል? በዚያች ሰዓት የብልባላ እንግዶቹ ደርሰው ተቀምጠው ነበርና አፈርኩ። በማግስቱ «ታዲያ ትናንት ለምን ዝም አልሽ?» እንዳይሉኝ ፈራሁ። «ሳይደርቅ በእርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ» ሲባል እየሰማሁ ነው ያደግሁት፤ እኔ ግን አደረቅሁት። ጋሼ ባቡሩን በጋቢ ሸፈኑና የክፍላቸው ደጃፍ ላይ ፀሐይ እየሞቁ መዋል ጀመሩ። ጣሳዎቹን ተደብቄ ወደ ቦታቸው እንዳልመልስ እንኳ ከበሩ አይነቃነቁም። ሁለት ወር! እኔ ወጥ አቀርባለሁ፣ እሳቸው «ብርቄ፣ ዛሬ ቀኑ ስንት ነው?» እያሉ ራሳቸውን ይፈትናሉ።

በመጨረሻ «አሸተን ማርያም ወጥቼ ሱባኤ ልያዝ፤ ጭንቅላቴን ትመልስልኝ» ብለው በትራቸውን አንስተው ዳገቱን ተያያዙት። ሰባት ቀን ቆዩ። እኔም ያን ሰባት ቀን ወለል ላይ ተዘርፍጬ ጣሳ ስገለብጥ ሰነበትኩ፤ ጦረኛው የቱ ነበር፣ መንገደኛው የቱ ነበር እያልኩ አንድ ሳይቀር መለስኳቸው።

ሲመጡ እጃቸውን ወደ አቦ ሰደዱ። ጎማ! ወደ ጊዮርጊስ። ሚስማር!

«ብርቄ! ኧረ ብርቄ! መለሰችልኝ!» ብለው ቤቱን አናወጡት።

እልል ያለችው ማን ትመስላችኋለች? እኔ። ጎረቤት እስኪሰበሰብ እልል አልኩ። ደስታዬ የውሸት አልነበረም፤ እንደዚያን ቀን ተደስቼ አላውቅም።

ባቡሩ ለዳግማይ ትንሣኤ ተነሣ። ጋሼ ከለስላሳ ድንጋይ ፈልፍለው ባበጁት ዋሻ ገብቶ በዚያኛው በኩል ብቅ ሲል ቤት ሙሉ ሰው ጮኸ። የብልባላው ዘመዳችን ጎንበስ ብሎ አየውና «አያ አዳነ፣ ይኸስ ግሩም ነው። ግና የኛን ቁልቁለት የቀመሰ እንደሁ ፍሬን አለው?» አለ። ጋሼ እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ። እኔም አሁን ይህን ስጽፍ ብቻዬን እየሳቅሁ ነው። ከዚያ ሁሉ ጥፋት ይህን ያህል ደስታ መውጣቱ ይገርመኛል።

ከዚያ ወዲህ ወር በገባ በሃያ አንድ ጋሼ አሸተን ይወጣሉ፤ ላገኙት ሁሉ ተአምሩን ይመሰክራሉ። ጎረቤታችን እማማ ዘነበች ይህን ሰምተው ዘንድሮ አብረው መውጣት ጀመሩ። የእማማ መርሳት የምር ነው። መጀመሪያ ቁልፍ፣ ቀጥሎ እሳት ላይ የጣዱትን ድስት፣ አሁን የልጅ ልጆቻቸውን ስም። በዚያ በማይታዘዝ ጉልበታቸው ሦስት ጊዜ ወጥተዋል። ባለፈው ሳምንት ሱቄ መጥተው በርጩማው ላይ ተቀመጡና እጄን ያዙኝ።

«ልጄ፣ እኔስ እመቤቴን ምን ብበድላት ነው፣ አዳነን ሰምታ እኔን የተወችኝ?»

መልሱን ከእኔ በቀር የሚያውቅ አልነበረም። ታዲያ ምን አልኩ? «አይዞዎት እማማ፣ ትሰማለች» አልኩ። አሁንም ዋሸሁ።

ይህን ጽፌ እንደጨረስኩ ጋሼንና እማማን ጋሼ ክፍል አስቀምጬ አነብላቸዋለሁ። ጋሼ ይቆጡኛል፤ ይቆጡኝ። የገዛ አእምሯቸውን ሁለት ወር እንዲጠራጠሩ አድርጌአለሁ። ላጸዳ ብዬ ነው አልልም፤ ጽዳቱ የግማሽ ቀን ሥራ ነበር፣ ዝምታው የሦስት ዓመት ነው። የእመቤቴንም ስም መሸፈኛ አድርጌዋለሁና ይቅር ትበለኝ፤ እናንተም ይቅር በሉኝ።

እማማ፣ አንቱ ምንም አልበደሉም። ከጋሼ አንሰው አልተተዉም። ጋሼን ያሳመምኳቸው እኔ ነኝ፤ ያዳንኳቸውም እኔ ነኝ።