የጋሼ ወንዳፈራሁ አሻራ በጥቁር ውሃ ፋይል

ጋሼ ወንዳፈራሁን ዘመሮ ገበያ ላይ ሰው ሁሉ በግ ያስመርጣቸዋል። ወገቡን አንዴ ጨበጥ አድርገው ሥጋውን ይነግሩሃል። እኔ የማውቃቸው ግን በአንድ ፋይል ነው።

በ1997 ዓ.ም. ወረዳው መዝገብ ቤት ስሠራ በጥቁር ውሃ ወንዝ ላይ አዲስ ድልድይ ሊሠራ ነው ተባለና፣ በደርግ ጊዜ የመጡት የጦር መሐንዲሶች የተዉትን ፋይል እንድፈልግ ታዘዝኩ። ጋሼ ይህን ሰምተው መጡ።

«ልጄ፣ ለእነዚያ ለድልድይ ሠሪዎቹ ሳትሰጪያቸው አንብቢልኝ» አሉኝ።

ሥራ በዝቶብኛል ብዬ ሁለት ቀን መለስኳቸው። ከዘመሮ ድረስ በእግራቸው የመጡ ሰው፤ እስካሁን ያሳፍረኛል። በሦስተኛው ቀን አነበብኩላቸው። «በክረምት ውሃው ከገብሱ ማሳ ሦስት ሜትር ዝቅ ብሎ እንደሚያልፍ የቦታው ነዋሪ አረጋግጠዋል» ይላል። ከሥሩ የእሳቸው ስምና የጣት አሻራ አለ።

«ሐሰት ነው» አሉ። «ክረምት ክረምት ማሳዬን ይውጠዋል።»

«ታዲያ ለምን እንዲህ አሏቸው?»

«ወታደሮቹ ሜትር ዘርግተው ሲመጡ መሬት ሊቀሙኝ መሰለኛ። ውሃ ይደርስበታል ብል፣ ይኸማ ወንዝ ዳር ነው ብለው የሚወስዱት መሰለኝ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ብዬ ነው።»

መሐንዲሶቹ ቃላቸውን አምነው ድልድዩን ዝቅ አድርገው ሠሩት። በሦስተኛው ዓመት ነሐሴ ላይ ሙላት መጣና ነቅሎት ሄደ። የጋሼ ባለቤት ወይዘሮ ኮከቤ ከገበያ ሲመለሱ በላዩ ላይ ነበሩ። ማሳውም ቢሆን አልቀረላቸውም፤ በኋላ በመሬት ሽግሽግ ለሌላ ሰው ተሰጠ። አገሬው የእግዜር ቁጣ ነው ብሎ አብሯቸው አለቀሰ፤ እሳቸው እውነቱን ለንስሐ አባታቸው ብቻ ነገሩ።

«ሰርዢው» አሉኝ።

መዝገብ የገባ ቃል አይሰረዝም። ማስተካከያ ደብዳቤ ማያያዝ ግን ይቻላል አልኳቸውና ወረቀት አወጣሁ።

«ውሃው እስከ የት ይደርሳል ልበል፣ ጋሼ? በሜትር ይፈልጉታል።»

«ሜትሩን አላውቀው። ከማሳው ራስጌ አንድ የአስታ ቁጥቋጦ አለች። የኮከቤን ነጠላ ያላቀቅሁት ከእሷ ላይ ነው። እስከዚያ በይ።»