የአያ ጅቦ አዲስ ጥርስ

ሥራ የጀመርኩ ዕለት ወንበር አላሳዩኝም። የችግኝ ጣቢያው ኃላፊ አቶ ስሜነህ በቀጥታ ከመጋዘኑ ጀርባ ወሰዱኝና ሸራ ገለጡ። «መካኒክ ነሽ አሉ፤ እንግዲህ ሥራሽ ይኸው» አሉኝ።

ከሸራው ሥር አሮጌ የቅርንጫፍ መፍጫ ማሽን ቆሟል። የባሕር ዛፍ ቅርንጫፍ በአንድ በኩል ጎርሶ በሌላው ፍርፋሪውን ይተፋል። ፍርፋሪው ችግኙ ሥር ሲነሰነስ አፈሩ በበጋ ቶሎ አይደርቅም። የውጭ አገር ፕሮጀክት ትቶት የሄደ ነው። ያገኘውን ሁሉ ስለሚያኝክ ሠራተኞቹ «አያ ጅቦ» ይሉታል። አሁን ግን ጥርሱ አልቋል፤ የሚሽከረከረው ክብ ብረት ላይ በቡሎን የታሰሩት ሁለት ስለቶች እንደ ማንኪያ ጠርዝ ዶልዱመዋል።

«በሙከራ ጊዜሽ ካስነሳሽው ቋሚ ትሆኛለሽ» አሉኝ አቶ ስሜነህ። «ካልተነሳ በቁርጥራጭ ብረት ዋጋ ይሸጣል። ማሽን ከሌለ ደግሞ መካኒክ ምን ይሠራልኛል?»

ከቴክኒክ ትምህርት ቤት ከወጣሁ ወዲህ ሥራ ፍለጋ ጫማ የጨረስኩ ሰው ነኝ። ደስም አለኝ፣ ፈራሁም።

ስለቱን ከሚያስመጣ የአዲስ አበባ ድርጅት ዋጋ ጠየቅን። መልሱ ሲመጣ አቶ ስሜነህ መነጽራቸውን አውልቀው ሳቁ። «በዚህማ ሁለት የእርሻ በሬ እገዛለሁ። በሬ ደግሞ መለዋወጫ አይጠይቅም!»

ማርቆስ ከተማ ውስጥ ያልረገጥኩት የመለዋወጫ ሱቅ የለም። አሮጌውን ስለት በጋዜጣ ጠቅልዬ ስዞር አንዱ የቡልዶዘር ነው ይለኛል፣ ሌላው የሥጋ ቤት። በመጨረሻ ብየዳ ቤት ከበር ብረት አስቆረጥኩ። አያ ጅቦ የመጀመሪያውን ቅርንጫፍ ሲነክስ ብረቱ ተጣጠፈ።

አንድ ቀን የጣቢያው ዘበኛ ደረቅ ግራር ሲፈልጡ ቆሜ አየሁ። የምሳራቸው አፍ ቅንጣት ታህል አይሸረፍም።

«አባባ፣ ይህን ማን ሠራልዎ?»

«የደምበጫው እንየው ነዋ! ከጭነት መኪና ባሌስትራ ነው የሚቀጠቅጠው።»

ባሌስትራ! መኪናው ጭነቱን የሚሸከምበት፣ ከሥሩ ተደራርቦ የሚታሰረው ብረት። እንዴት ቀድሞ አልታየኝም! በማግስቱ ደምበጫ ነበርኩ።

አያ እንየው ስለቱን ገልብጠው አዩት። «ምን ሊቆርጥ ነው?»

«የዛፍ ቅርንጫፍ።»

«ኧረ ይኼ ምን ቁም ነገር አለው!» አሉና ወናፋቸውን ነፉ።

እሳቸው ባሌስትራውን አግለው ቀጠቀጡ። እኔ ማርቆስ ወስጄ የቡሎኑን ቀዳዳ በትራፓኖ በሳሁ። መልሼ ሳመጣላቸው አግለው የተቃጠለ የሞተር ዘይት ውስጥ ነከሩት፤ ጠንክሮ እንዳይሰበር በፍም ዳር አሞቁት፤ ከዚያ ሳሉት። ሁለቱ ስለቶች ክብደታቸው እኩል ካልሆነ ማሽኑ ይንቀጠቀጣል። ስለዚህ ገበያ ወጥቼ አንዲት ቅቤ ሻጭ ሚዛኗን እንድታውሰኝ ለመንኩ።

«ቅቤሽ ዛሬስ ጠነከረ፣ እቴ!» ብላ ሳቀችብኝ። መዘንኳቸው፤ እኩል ናቸው። ላቅፋት ምንም አልቀረኝም።

የጣቢያው ሠራተኛ ሁሉ በተሰበሰበበት ስለቶቹን አስሬ ሞተሩን አስነሳሁ። ቅርንጫፍ ብሰጠው አያ ጅቦ እያንገጫገጨ መልሶ ወደ እኔ ገፋው። ሌላ ሰጠሁት፤ ያንንም ገፋ።

«አልበላም ብሏል» አሉ አቶ ስሜነህ። «ሰኞ ብረት ገዢዎቹ ይመጣሉ።»

ስለቶቹን ፈትቼ ደምበጫ ተመለስኩ። አያ እንየው ተቆጡ። «ምላጭ የመሰለ ስለት ሰጥቼሽ!» እውነታቸውን ነው፤ ጣት ይቆርጣል። የአንድ አናጺ መሮ እየሳሉ ነበር። አየሁት፤ አንዱን ወገን ብቻ ነው የሚስሉት፣ ሌላው ለጥ ያለ ነው።

«አያ እንየው! መሮውን ለምን በሁለቱም ወገን አይስሉትም?»

«በሁለቱም ከተሳለማ መች እንጨቱን ይዞ ይገባል? ይንሸራተታል እንጂ...» ብለው ቀጥ አሉ። የእኔን ስለት አነሱ። እንደ ምሳር በሁለቱም ወገን ስለውታል።

«ምነው ሳትነግሪኝ?»

«እኔስ መች አወቅሁ! አሮጌው ዶልዱሞ በየት በኩል እንደተሳለ አይታይም።»

ተያይተን ሳቅን። «በይ ውሰጅኝ፣ ጅብሽን ልየው» አሉኝ። ሚኒባስ ተሳፍረን መጣን። ክብ ብረቱን በእጃቸው እያዞሩ ስለቱ እንጨቱን በየትኛው ወገኑ እንደሚያገኘው አዩ፤ ከዚያ ብየዳ ቤት ገብተን በሚሽከረከረው የመሳያ ድንጋይ የሁለቱንም ስለቶች አንዱን ወገን ፍቀን ለጥ አደረግነው።

ሰኞ የብረት ገዢዎቹ መኪና በሩ ላይ ሲቆም እኔ የመጨረሻውን ቡሎን እያጠበቅሁ ነበር። ሞተሩን አስነሳሁ። አያ ጅቦ ቅርንጫፉን ከእጄ መንጭቆ ወሰደው! የባሕር ዛፍ ፍርፋሪ በአቶ ስሜነህ ኮት ላይ ዘነበ። እልልታዬን ለቀቅሁት። አያ እንየው ቅርንጫፍ እያቀበሉኝ «ጨምሪለት፣ ርቦታል!» ይላሉ።

«የሚሸጠው ብረት የቱ ነው?» አለ አንዱ ገዢ።

አቶ ስሜነህ ፍርፋሪውን ከትከሻቸው አራገፉ። «ተሳስታችኋል፤ የሚሸጥ ብረት የለንም» አሏቸው። ወደ እኔ ዞረው ደግሞ «ነገ ወንበር እናስገባልሻለን» አሉኝ።

በዚያ ወንበር ላይ ብዙ ዓመት ተቀመጥኩ። በሥራው ላይ ያላችሁ ልጆች አንድ ነገር ያዙልኝ። ስለት ስታሠሩ ሠሪውን ማሽኑ ዘንድ ውሰዱት። አሮጌው ስለት የሚያሳየው እንዴት እንዳለቀ ነው፤ እንዴት እንደተሠራ አያሳይም።