የቡና ገለባና የማዳም ኤሌኒ ቤጎኒያዎች

ሥራ የጀመርኩት ሰኞ ጠዋት ነው። ጣሊያን ከወጣ ጥቂት ዓመታት አልፈዋል። ድሬ ዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር ውስጥ፣ ከባቡር ጣቢያው ሳይርቅ፣ ማዳም ኤሌኒ የሚባሉ ግሪካዊት የሚያስተዳድሩት ትንሽ ሆቴል ነበር። እኔ ከሐረር የመጣሁ የሃያ ሁለት ዓመት ጎረምሳ ነኝ። ሙያዬ ጫት መኮትኮትና ብርቱካን ማጠጣት ብቻ ነው።

«ረዳት አትክልተኛ ትሆናለህ» አሉኝ ማዳም።

«ዋናው አትክልተኛ ማን ነው?»

«እኔ ነኝ።»

እዚያ ቤት አሥራ ዘጠኝ ዓመት ስሠራ ዋናው አትክልተኛ አካፋ ሲይዙ አላየሁም።

በረንዳው ላይ አርባ የአበባ ማሰሮ ተደርድሯል። ሁሉም ቤጎኒያ ነው። የድሬ አፈር ማሰሮ ውስጥ ገብቶ ሲደርቅ ጡብ ይሆናል፤ ውሃው ከላይ ይተኛል፣ ሥሩ ከታች ይጠማል። ስለዚህ ማዳም አበባቸውን የሚተክሉት «ቱርብ» በሚሉት ነገር ነበር። ዕቃ ቤት ወስደው ትልቅ ጆንያ አሳዩኝ።

«ከፈረንሳይ በመርከብ ጅቡቲ፣ ከጅቡቲ በባቡር እዚህ ይደርሳል» አሉ። «ረግረግ ውስጥ ብዙ ዘመን የበሰበሰ ሣር ነው እንጂ አፈር አይደለም። ልጄ ከሦስት ወር በኋላ እዚህ በረንዳ ላይ ትዳራለች። አርባውንም ማሰሮ በዚህ ትቀይራለህ።»

ጆንያውን ስከፍተው እርጥብ ነው። እንዳይበሰብስ ብዬ ጓሮ አውጥቼ ፀሐይ ላይ አሰጣሁት። የበሰበሰ ነገር እንዳይበሰብስ መስጋቴ ነበር።

ሐሙስ ዕለት ከምሳ ስመለስ ከስጡ የቀረው አንድ ጥግ ብቻ ነው። አጠገቡ የሆቴሉ ዘበኛ ኤልሚ ሦስት ድንጋይ ጎልቶ ሻይ ያፈላል። ኤልሚ ረጅም፣ ረጋ ያለ ሶማሌ ነው፤ ሚስቱና አራት ልጆቹ ቢዮ አዋሌ ይኖራሉ።

«ኤልሚ፣ ምንድን ነው የምታነደው?»

«ያሰጣኸውን ኩበት። ከትናንት ወዲያ ጀምሮ ነው የማነደው፤ ጥሩ ኩበት ነው።»

«ኩበት አይደለም። የማዳም አፈር ነው።»

ኤልሚ እሳቱን አየ፣ እኔን አየ። «ወሪያ፣ አፈር አይነድም» አለ።

ነገሩን አስረዳሁት። ሲገባው እንደ መደንገጥ አለና አንድ ብርጭቆ ሻይ ቀዳልኝ። ጠጣሁ።

«ለማዳም እኔው ልንገራቸው» አለ።

«ሁለታችንንም ነው የሚያባርሩን።»

ስለ ልጆቹ ሳያስብ አልቀረም፤ እሳቱን በአፈር አዳፈነ። ቆይቶም «እንግዲህ የሚመስለውን መፈለግ ነው አቦ» አለ። ይዞኝ ወደ ገበያው ሰፈር ወደ መጋላ ሄደ፤ እዚያ ካለ አንድ የቡና ማበጠሪያ መጋዘን ጀርባ የገለባ ክምር ነበር። ሦስት ጆንያ ሞልተን ተመለስን።

ገለባውን ጓሮ ከመርኩና ውሃ አርከፈከፍኩበት። በሦስተኛው ቀን መጨስ ጀመረ። ኤልሚ እጁን ከቶ ፈጥኖ አወጣ።

«ይኼኛው ደግሞ ያለ ክብሪት ይነዳል» አለ።

መጠበቅ ነበረብኝ፤ አልጠበቅሁም። ለሙከራ ሦስት ቤጎኒያ ተከልኩበት። በሁለት ቀን የተቀቀለ ጎመን መሰሉ።

«ምን ነክቷቸው ነው?» አሉ ማዳም።

«ነፋስ መታቸው።»

«የቱ ነፋስ?»

እውነታቸውን ነው። በዚያ ሰሞን ድሬ ላይ ቅጠል እንኳ አልተንቀሳቀሰም።

ወደ መጋዘኑ ተመለስኩ። በር ላይ የቡና ለቃሚዎቹን ሴቶች አለቃ አዴ ሐሊማን አገኘሁ። የወሰድኩትን ምን እንዳደረግሁበት ጠየቁኝ። ስነግራቸው ለሴቶቹ በኦሮምኛ አስተላለፉላቸው፤ ሳቁ እስኪያልቅ ቆሜ ጠበቅሁ።

«ከላይ ያለው የዘንድሮ ነው፣ ያቃጥላል» አሉኝ። «ከሥር ቆፍር። ከሥር ያለው ሦስት ክረምት ዘንቦበታል።»

ደረቴ ድረስ ጉድጓድ ውስጥ ገብቼ ቆፈርኩ። ከታች የወጣው ጥቁር ነው፤ ለስለስ ያለ፣ ሙቀት የሌለው፣ የዱር ሽታ ያለው። ከተረፈው የማዳም ቱርብ አጠገብ ሳስቀምጠው የትኛው የትኛው እንደሆነ እኔም ጠፋኝ።

ብቻውን ግን ውሃ አዝሎ ይተኛል። ስለዚህ ከደቻቱ ወንዝ ደረቅ አሸዋ አመጣሁ፤ ደቃቁን አስወግጄ ጠጠር ጠጠሩን ውሃው እስኪጠራ አጠብኩት። ኤልሚ ከሰል ሻጮች ዘንድ ሄዶ ድቃቂ ለቅሞ መጣ። ከበረት የተጠረገ የከረመ የፍየል በጠጥም ፈጭቼ ነፋሁ። መጠኑ ይህ ነው፤ አራት እጅ ገለባ፣ ሁለት እጅ አሸዋ፣ አንድ እጅ የከሰል ድቃቂ፣ ለአንድ ማሰሮ አንድ ጭብጥ በጠጥ። መድረሱ የሚለየው ደግሞ እንዲህ ነው፤ አርጥበህ ትጨብጠዋለህ። ውሃ ጠብ ጠብ ካለና እጅህን ስትከፍት ከተፈረፈረ ደርሷል። እንደ ሊጥ ከተጣበቀ አሸዋ ጨምርበት።

ለመጨረሻዎቹ ማሰሮዎች ገለባ አነሰኝ። ከክምሩ ወገብ አካባቢ ጨምሬ አመጣሁና ቸኩዬ ነፋሁት።

«በደንብ አልነፋኸውም» አለ ኤልሚ።

«ነፍቼዋለሁ።»

ድብልቁን በፈረንሳዩ ጆንያ ሞልተን አፉን አሰርን። ማዳም መጥተው አስከፈቱት፣ እጃቸውን አገቡ፣ አሸተቱ።

«አየህ፣ እንዲህ ያለ ነገር በዚህ አገር አይገኝም» አሉኝ። ኤልሚ ሰማዩ ላይ የሚያየው ነገር አገኘ።

ቤጎኒያዎቹ ያዙ። የሠርጉ ዕለት በረንዳው ቀይና ነጭ ሆኖ ነበር። ማዳም እንግዶቹን ከማሰሮ ማሰሮ ያዞራሉ፤ ስለ ፈረንሳይ ረግረግ ያስረዳሉ። ከእንግዶቹ መሐል ሐጂ ዩሱፍ የሚባሉ ሸምገል ያሉ የቡና ነጋዴ ነበሩ። አንዱ ማሰሮ ጋ ቆም አሉ፣ መነጽራቸውን አወጡ፣ ጎንበስ አሉ።

ከቤጎኒያው ግንድ ሥር ጣት የምታክል ቡቃያ ቆማለች። የቡና ፍሬዋን አናቷ ላይ እንደ ቆብ ደፍታለች።

«ማዳም፣ ይህ ቡና ነው» አሉ ሐጂ።

«ሊሆን አይችልም። ከፈረንሳይ የመጣ ነው።»

«ፈረንሳይ የሐረር ቡና ያበቅላል?»

ማዳም ወደ እኔ ዞሩ። እኔ ወደ ኤልሚ ዞርኩ። ኤልሚ አዲስ ሸሚዝ ለብሶ በሩ ጋ ቆሟል። «ሐጂ ዓይናቸው ደህና ነው» አለ።

ከዚያ ወዲያ መደበቅ አልተቻለም። ቱርቡ መንደዱን፣ ይህ የመጋላ ገለባ መሆኑን ተናገርኩ። ሐጂ ዩሱፍ እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ። እንግዶቹም ተከተሏቸው። ማዳም አልሳቁም።

«ነገ ጠዋት ቢሮ» አሉኝ።

ጠዋት ልብሴን በጨርቅ ጠቅልዬ ሄድኩ። ኤልሚ ሳይጠራ ተከትሎኝ ገባ። «ያነደድኩት እኔ ነኝ፣ ማዳም» አለ። «እሱ ያሰጣው ብቻ ነው።»

ማዳም ተራ በተራ አዩን። «ሻዩ እንዴት ነበር?» አሉት።

«ትንሽ ጭስ ጭስ ይላል።»

ወደ እኔ ዞሩ። «ከገለባው ሌላ ምን አለበት?» እየዘረዘርኩ ነገርኳቸው፤ እየጻፉ መጡና የፍየል በጠጥ ላይ ሲደርሱ እጃቸው ቆመ። ልጃቸው ሠርጓ ላይ ከቤጎኒያው ቆርጣ ፀጉሯ ላይ ሰክታ ውላ ነበር።

«ከፈረንሳይ ማዘዙ ይቀራል» አሉ በመጨረሻ። «በየዓመቱ አንተ ትሠራለህ። የፍየሉን ነገር ግን ልጄ እንዳትሰማ።»

ጥቅሌን ይዤ ወደ ጓሮ ተመለስኩ። ልጅቷም ልጆች ወልዳ እስክታሳድግ አልሰማችም።

በኋላ ለከዚራ ብዙ ቤቶች ሠርቻለሁ። ወጣት አትክልተኞች ምስጢሩን ይጠይቁኛል። ምስጢር የለውም። ገለባው ያረጀ ይሁን፤ አሸዋው ይታጠብ። ገለባው ሁለት ጊዜ ይነፋ፤ አንድ ጊዜ አይበቃም።