የቀዩ አፈር አንድምታ

ቸርነቱ የማያልቅበት አምላክ ከመጻሕፍት ትርጓሜ ቤት አውጥቶ በስቶክሆልም የሥነ ምድር ተማሪ ያደረገኝ፣ በፈረንጆች አቆጣጠር በስድሳዎቹ ዓመታት ነበር። የመመረቂያ ሥራዬ በደቡብ አገራችን የሚገኝ፣ ማንም በወጉ ያልመረመረው፣ ወርቅ አለበት የሚባል አንድ ስፍራ ነው። ከዚያ በመጣው የደለል ናሙና ወርቅ የታየው እጅግ በጥቂቱ ነበር። «ተስፋ የለውም» ብዬ ብጽፍ ለትምህርት የላከኝ የማዕድን መሥሪያ ቤት ፍለጋውን ይዘጋዋል፤ «አለው» ብዬ ባጋንን በሐሰት መመስከር ይሆንብኛል።

ስለዚህ በልጅነቴ እንደ ተማርሁት አደረግሁ፤ ነገሩን በ«አንድም» እየከፈልሁ ጻፍሁት። ወርቅ የለም፤ አንድም አለ፣ ቀዩ አፈር ሸፍኖታል፤ አንድም የታየው ወንዝ ከሩቅ ያመጣው ነው።

በስቶክሆልም አጠገብ፣ ሱንድቢበሪ በምትባል ከተማ አንድ ክፍል የምንጋራው የምህንድስና ተማሪ ወዳጄ አንብቦ ሣቀ። «የኔታ፣ ፈረንጁን ዳዊት ሊያስደግሙት ነው?»

«አንተ ወጡን አማስል፤ እያረረ ነው።»

መምህሬ፣ ጢማም ሽማግሌ፣ ጽሑፉን ጨርሰው መነጽራቸውን አወለቁ። «ከሦስቱ የትኛው ነው?»

«ሦስቱም ይቆማሉ፣ ፕሮፌሰር። በእኛ ትምህርት አንዱ ትርጓሜ ሌላውን አይሽረውም።»

«ለመጽሐፍ መልካም ነው። መሬት ግን ይሽራል። የትኛው እንደሚሻር በምን ታውቃለህ?»

ይቆጡኛል ብዬ ስፈራ ወንበር ስበው ከጎናቸው አስቀመጡኝ። የወርቁን ቅንጣቶች በማጉያ መነጽር አየናቸው፤ ጠርዛቸው ስል ነው። ከሩቅ የመጣ ወርቅ ግን በውሃ ተንከባልሎ ይለሰልሳል። ሦስተኛው አንድም በዚያው ወደቀ። ካርታውን ዘርግተን ብንፈትሽ ደግሞ ናሙናው ሁሉ የተለቀመው ከበቅሎ መንገዱ ዳር ሆኖ ተገኘ። ወርቅ የታየባቸውም ጅረቶች የሚወርዱት ከአንድ ኮረብታ ነው፤ ቀይ አፈር የለበሰውን ያን ኮረብታ ግን የረገጠው የለም።

«ወርቅ አለ አልልም፤ ኮረብታው ሳይቆፈር ግን የለም ሊባል አይገባም» ብዬ አረምሁት። መምህሬ ፈረሙበት። መሥሪያ ቤቱም ፍለጋውን በመዝጋት ፈንታ እንዲቆፈር ፈቀደ፤ ቆፋሪዎቹን እንድመራም እኔኑ ወደ አገሬ ጠራኝ።

ልሰናበታቸው ስሄድ እጅ ልነሣ ጎንበስ ብል ደንግጠው ክንዴን ያዙ። «ባዶ ብታገኘውስ?» አሉኝ።

«ባዶ ነው ብዬ እጽፍልዎታለሁ።»

«በል፣ ሂድ» አሉኝ ደስ ብሏቸው። እርሳቸው ቤተ ክርስቲያን የሚስሙ ሰው አልነበሩም፤ እኔ ግን እስከ ዛሬ በጸሎቴ አልረሳቸውም።