አባቴን የሰደበው ፊልም

ልጅ ሳለሁ፣ ደባርቅ ላይ መብራት በጠፋ ምሽት ሁሉ፣ የአባቴ ወንድም ጋሼ ደምሌ ክራንቹን ከምድጃው አጠገብ አጋድሞ በኩራዝ ብርሃን ተረት ይነግረን ነበር። በድንበሩ ጦርነት ከአባቴ ጋር አንድ ምሽግ ውስጥ ነበሩ፤ እሱ እግሩን ትቶ ተመለሰ፣ አባቴ እዚያው ቀረ። የጅብና የጦጣ ተረት አያልቅበትም፤ ስለ ምሽጉ ግን ትንፍሽ ብሎ አያውቅም።

አንድ ቅዳሜ ቪዲዮ ቤቱ የሚያስፈራ የጦርነት ፊልም አመጣ። ከምሽጉ ጭቃ ሙታን ወታደሮች እየተነሱ በሕይወት ያሉትን ያንቃሉ። ከቴሌቪዥኑ አጠገብ ቆሞ የሚተረጉምልን ጎረምሳ በፈረንጅ አፍ ከእኛ እንደማይሻል ዛሬ ይገባኛል፤ ያኔ ግን ያለውን ሁሉ አምነው ነበር።

«እነዚህ ፍትሐት ሳይደረግላቸው የቀሩ ናቸው፤ በየቤታቸው ዞረው ልጆቻቸውን ይወስዳሉ!» አለ።

ድሮ አባቴ ሲያንኳኳ ሮጬ የምከፍተው እኔ ነበርኩ። ከዚያ ቅዳሜ በኋላ በር በተንኳኳ ቁጥር አልጋ ሥር እገባ ጀመር። የገዛ አባቴን ፈራሁት። ዛሬም የሚያንገበግበኝ ይኸው ነው።

በሦስተኛው ምሽት ጋሼ ደምሌ ከአልጋው ሥር ጎትቶ አወጣኝና ጉዳዩን ሰማ። ያን ማታ ጅብም ጦጣም አልነበረም።

«ስሚ» አለኝ ፍሙን እየቆሰቆሰ፤ «ከአባትሽ ሬሳ ጋር ሁለት ሌሊት አድሬያለሁ። ደሜ ይፈሳል፣ ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ይቅር በለኝ ብዬ ካፖርቱን ገፍፌ ለበስሁ። ሞቶም አሞቀኝ እንጂ አላነቀኝም። ፍትሐቱንም ቢሆን ካህናቱ እዚሁ ደብራችን ፈተውለታል። ሬሳ የለም ተብሎ ይቀራል እንዴ?»

በሚቀጥለው ቅዳሜ ፊልሙ ሲደገም ሄድኩ። ጎረምሳው «ልጆቻቸውን ይወስዳሉ» ሲል ብድግ አልኩ።

«ውሸታም! አባቴ ምሽግ ውስጥ ነው የሞተው፤ ማንንም አላነቀም!»

ቤቱ በሳቅ ተናጋ። «ቁጭ በይ አንቺ!» አሉኝ። አልተቀመጥኩም።

ያኔ በሩን የሚጠብቁት አዛውንት ከኋላ ድምፃቸውን አሰሙ። «ልጅቱ እውነቷን ነው። የኔም ልጅ እዚያው ቀርቷል።»

ሳቁ ቆመ። ጎረምሳውም አንገቱን ደፍቶ ከእኛ መሃል ተቀመጠ፤ ፊልሙ ያለ ተርጓሚ ሄደ። በምን እንዳለቀ እስከ ዛሬ አላውቅም፤ ጉዳዬም አልነበረም።

ያን ምሽት በር ሲንኳኳ ሮጬ ከፈትኩ፤ ጋሼ ደምሌ ነበር። ከነገረኝ ተረት ብዙው ጠፍቶብኛል፤ የዚያ ካፖርት ታሪክ ግን አብሮኝ አለ። ዛሬም የሚያንኳኳው አባቴ ቢሆን እከፍትለታለሁ።