የሞላው ስልክ

ጂንካ ውስጥ ሶፊያን ሞባይል ቤት ወረፋ ስጠብቅ ነው ያየኋቸው። ቱሪስት ከማይጠፋበት ከኦሞ ወንዝ ዳር፣ ከኮልቾ መንደር የመጡ ሽማግሌ ናቸው። ሽርጣቸው ላይ አሮጌ ኮት ደርበዋል፤ ትንሿን የእንጨት መቀመጫቸውን ብብታቸው ስር ሸጉጠዋል። ስልካቸውን ከጠቀለሉበት ጨርቅ ፈትተው ባንኮኒው ላይ አኖሩት።

«ሞላ። ሌላ ፎቶ አላነሳም አለ» አሉ።

ባለሱቁ ሶፊያን ሲከፍተው እኔም አንገቴን አስግጌ አየሁ። ሦስት ሺህ ምናምን ፎቶ! ሁሉም ፈረንጅ። ክው አልኩ፤ አንዳቸውም ፊት የላቸውም! ወንዱም ሴቱም ካሜራውን ዓይኑ ላይ ደቅኖ ወደ እኛ ያነጣጥራል። ሶፊያን ወደ ታች ቢወርድ፣ ቢወርድ፣ ያው ነው።

«ሲያነሱን እኔም አነሳቸዋለሁ» አሉ ሽማግሌው፣ ልክ ሰላምታ እንደመመለስ አድርገው።

«አባባ፣ ይኼ ሁሉ ምን ያደርግልዎታል? አሥሩን ላስቀርና ሌላውን ላጥፋው?»

መዳፋቸው ከየት መጣ ሳይባል ስክሪኑን ከደነው። እንደዚያ ይፈጥናሉ ብዬ አልጠበቅኩም።

«አታጥፋ! እነዚህ ልጄን ብዙ ጊዜ አንስተዋታል። አምና ሞተችብኝ። እኔ ስልኬን ወደ እነሱ እንጂ አንድ ቀን ወደ እሷ አላዞርኩም።»

ሶፊያን እጁን ሰበሰበ። እኔም ወረፋዬን ረሳሁት።

ሽማግሌው መዳፋቸውን ቀስ ብለው አነሱና ስልኩን ወደ እሱ ገፋ አደረጉለት።

«መልኳ ከእነዚህ ካንዱ ካሜራ ውስጥ አለ። የትኛው ጋ እንደሆነ ካወቅህ፣ ሌላውን አጥፋ።»